የማን ልጅ ልበለው?

«...ሰውየው ፍየሏን እየጎተተ ሚኒባሱ ውስጥ ገባና አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጣት። ረዳቱ መጥቶ፣ ‹አባት፣ ፍየሏ ወንበር ይዛለችና እሷም ትከፍላለች› አለው።»

የሟቹ ወዳጅ ሙሄዲን እዚህ ላይ ሲደርስ አቆመ። በድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ አፍ አፉን እያየ ጠበቀው።

«ጌታሰው እዚህ ድረስ ነው የነገረኝ» አለ ሙሄዲን። «የሰውየውን መልስ ሊነግረኝ ሲል የራሱ ሳቅ ቀደመው። እየሳቀ ራሱን ወደ ግድግዳው አስደገፈ። እኔም የቀረውን እስኪነግረኝ አብሬው እየሳቅሁ ጠበቅሁ። ብጠብቅ ብጠብቅ የለም።»

ለአፍታ የነሐሴ ካፊያ የድንኳኑን ሸራ ሲመታ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ከወደ ጥግ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ታዲያ ሰውየው ምን ብሎ መለሰ?» አሉ።

«ምን አውቄ።»

«‹እንግዲያው እሷ ትክፈል፤ እኔ ሸኚ ነኝ› ብሎት ይሆናላ።»

«የለም፣ የለም» አለ ሌላው። «‹መስኮት ዳር ስላልደረሳት በግማሽ አድርግላት› ነው የሚለው። ጌታሰውን አላውቀውም እንዴ?»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ።

የትናየት ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሳቁን ሰማች። አባቷ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጥቁር ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ተነሳችና በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተች። ወጥታ «እናንተ ሰዎች፣ የሰርግ ቤት መሰላችሁ?» ልትላቸው ፈልጋ ነበር። ግን የፍየሏ ነገር ለእሷም ደርሷት ኖሮ ከንፈሯ አላስችላት አለ። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«ተያቸው ልጄ» አሉ ደብሬ ከኋላዋ። ደብሬ በሰቆጣ የታወቁ አልቃሽ ናቸው፤ የእሳቸው ሙሾ ያልወረደለት ሬሳ እንዳልተቀበረ ይቆጠራል። «ሠላሳ ዓመት ሳለቅስ እንደዚህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ትናንት ስጀምር ራሴው ስቄ አቆምኩ።»

እውነታቸውን ነበር። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ደብሬ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣

እንባዬ ሲመጣ ሳቅህ እየቀደመው፣
ለቅሶ ቤት መሆኑን ማን ይመን ጌታሰው

ሲሉ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ በሳቅና በእንባ መሐል ቃሬዛውን አንገዳግደውት ነበር።

«ግን አንድ ነገር ቸግሮኛል» አሉ ደብሬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነገ ሰልስት ነው። ሰውን በዘር በትውልዱ ካላነሳሁት ሙሾዬ ሙሾ አይባልም። የማን ልጅ ልበለው?»

«የገብረ ጻድቅ ነዋ፣ እቴ ደብሬ።»

«የትኛው ገብረ ጻድቅ? አገሩ የት ነው? ወንድም የለው፣ እህት የለው፣ አንድ ሰው ከዘመዱ ወገን ሲያለቅስ አላየሁም።»

የትናየት አገሩን በእርግጥ አታውቅም ነበር። አለማወቋም ራሷን አስደነገጣት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ስትኖር ስለ አያቷ ያልነገራት ነገር አልነበረም፤ ችግሩ በየጊዜው የሚነግራት የተለያየ መሆኑ ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላት አያቷ ተከዜን በአዞ ጀርባ የተሻገረ አዳኝ ነበር። አስር ሲሞላት ያው አያቷ ዳዊት በአንድ ሌሊት ጽፎ የጨረሰ ቁም ጸሐፊ ሆነ። ለትዳር ስትጠየቅ ደግሞ ሰባት ጊዜ አግብቶ ሰባቴ የተፈታ ምስኪን አድርጎ ነገራት፤ «ምክር እንዲሆንሽ ነው» ብሎ። ሁሉም ታሪክ በተከዜ ዳር ካለው ከዝቋላ ቆላ ይጀምርና ሳቅ ላይ ያልቃል። እሷም እንደ ቀልድ ስትሰማ ኖራ አንድም ቀን «እውነቱስ?» ብላ አልጠየቀችም።

ትናንት ማታውን ለቅሶ ሊደርሱ ከዝቋላ የመጡ የፍየል ነጋዴዎችን ለምናቸው ነበር። ወርደው ይጠይቁላታል፤ በስልክ ይነግሯታል። የአባቷ ወገን በሰልስቱ ካልደረሰ የሰው ፊት እንዴት ታያለች?

«ነገ ይመጣሉ» አለች ደብሬን። «መንገዱ ርቋቸው ነው።»

የጌታሰው ቤት ከሰቆጣ መናኸሪያ በስተጀርባ ያለ ባለ ዘጠኝ ክፍል አልጋ ቤት ነው። ክፍሎቹ ቁጥር የላቸውም። ጌታሰው በየበሩ ላይ በነጭ ቀለም ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት እያለ ጽፎባቸዋል። መንገደኛ መጥቶ አልጋ ሲጠይቅ፣ «ጅዳ ባዶ ነው፤ ባሕር የለበትም፣ ደላላ የለበትም፤ ጠዋት ሰቆጣ ትነሳለህ» ይለዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ሳዑዲ ልሂድ እያለ እናቱን ሲያስጨንቅ የነበረን ጎረምሳ ሪያድ ውስጥ ሦስት ሌሊት በነፃ አሳድሮት፣ «በቃ፣ ደርሰህ መጣህ» ብሎ ወደ አገሩ ወደ አምደወርቅ ሸኝቶታል ተብሎ ይወራል። የትናየት ስለ ወሬው እውነትነት ትመሰክራለች፤ አንሶላውን ያጠበችው እሷ ናት።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የምታስተዳድረው የትናየት ነበረች። አባቷ በር ላይ ተቀምጦ እንግዳ ያስቃል፤ እሷ አንሶላ ትቀይራለች፣ ውሃ ታስቀዳለች፣ ሳይከፍል ሊወጣ የሚያደባውን ትይዛለች። አባትና ልጅ በዚህ ተስማምተው ሲኖሩ፣ ልክ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በቀበሌው አዳራሽ ሰው ሁሉ እያያቸው በሐሳብ ተለያዩ።

ስብሰባው የተጠራው ስለ ልጆቹ ነበር። በዚያ ክረምት በአፋር በኩል ወጥተው ጅቡቲ የባሕሩ ዳርቻ ከደረሱ በኋላ የተመለሱ አስራ አንድ ልጆች ሰቆጣ ገብተው ነበር፤ ሰባት ወንድ፣ አራት ሴት። ከመካከላቸው ከአስራ አምስት ዓመት የሚበልጥ የለም። የአንዳንዱ ወላጆች ድርቁ አገር አስለቅቋቸው የት እንደገቡ አይታወቅም። አንዳንዱ ደግሞ የአባቱን በሬ ሸጦ የሄደ ነውና ባዶ እጁን ቤት መግባት አፍሮ ነበር። ለጊዜው አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ያድራሉ። ትምህርት ሊከፈት ነው። የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ ትግስት በስብሰባው ላይ ቆማ፣ ምግብና ፍራሽ የሚችል ድርጅት መገኘቱን፣ የጎደለው ቤት ብቻ መሆኑን ተናገረች። ቤት ካልተገኘ ልጆቹ ለሦስት ተከፍለው ወደ ሩቅ ከተሞች ይላካሉ።

መጀመሪያ የተነሡት የእድሩ ሊቀመንበር አናጢው አቶ የሻምበል ነበሩ። «መጠለያ መክፈት ማለት መንገዱን መጥረግ ነው» አሉ። «ልጅ ሲመለስ ራትና ፍራሽ ከጠበቀው፣ ነገ የእኔም የአንተም ልጅ ‹ልሞክረው› ይላል። አንዱን ስናስገባ ሌላው ይከተላል። ሰፈራችን የመንገደኛ ማረፊያ ይሆናል።» ብዙ ሰው አጨበጨበ።

ከዚያ ጌታሰው እጁን አወጣ። «የእኛ ሰፈርማ ድሮም የመንገደኛ ማረፊያ ነው፤ እኔ የምበላው ከምን ሆነና። ዘጠኝ ክፍል አለኝ። ይግቡበት።»

የትናየት መቼ እንደተነሳች አታውቅም። «ቤቱ የእኔም ነው» አለች። «አስር ዓመት ወገቤን የቆረጥኩበት ነው። ዘጠኙን ክፍል ሰጥተን ምን ልንበላ ነው? አባቴ ደግ ነው፤ የደግነቱን አንሶላ የማጥበው ግን እኔ ነኝ። እምቢ ብያለሁ።»

ጌታሰው ልጁን ትክ ብሎ አያት። አልተቆጣም። ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «እናቷን ቁርጥ ናት» አለ። «እናቷም ላገባት ስጠይቃት መጀመሪያ እምቢ ነው ያለችኝ። ኋላ የሆነውን ታያላችሁ፤ ይኸው ቆማ ትከራከረኛለች።»

ሰው ስቆ ተበተነ፤ ነገሩም ሳይወሰን ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ አባቷ ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አሁን፣ እሱ ከሌለ በኋላ፣ የትናየትን አንጀቷን የሚበላት ይህ ዝምታው ነበር። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

በዚያው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ካፊያው ሲያባራ፣ በግቢው በር በኩል አንድ ሰልፍ ገባ። ከፊት አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ከኋላዋ አስር ልጆች፣ ሁሉም ውሃ የተሞላ ጀሪካን ተሸክመዋል። በሰፈሩ ቧንቧው ከደረቀ ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ሴቶቹ ለንፍሮውም ለሻዩም ውሃ ከየት እንምጣ እያሉ ሲጨነቁ ነው የዋሉት። ልጆቹ ጀሪካኖቻቸውን በየተራ ከማጀቱ በር ላይ ደረደሩና በአንድነት ቆመው አለቀሱ። አንዳንዱ ጮክ ብሎ፣ አንዳንዱ በእጁ ፊቱን ሸፍኖ። ከድንኳኑ ውስጥ ወሬው ተቋረጠ።

የትናየት ወጣች። «ማን ላካችሁ?»

«ማንም» አለች ቀጭኗ ልጅ፤ ለተጊዮርጊስ ትባላለች፣ አስራ አራት ዓመቷ ነው። «አባዬ ‹ለቅሶ ቤት ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ፤ ውሃ ውሰዱ፣ እንባ ውሃ ይፈጃል› ይለን ነበር።»

የትናየትን ‹አባዬ› የሚለው ቃል ወጋት። በዚህ ምድር ላይ ያን ሰው እንዲህ ብሎ የመጥራት መብት የእሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

«የት አግኝቷችሁ?»

«ሁልጊዜ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ይመጣ ነበር። ተረት ይነግረናል። ትንንሾቹን ፊደል ያስቆጥራል። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ፀጉራችንን ካልቆረጥኩ ብሎ ያንን ልጅ ግማሹን ላጭቶ መቀስ ተበላሸ ብሎ ተወው።» ከኋላ የቆመውን፣ ራሱ በግራ በኩል ብቻ የተላጨ ልጅ አሳየቻት። ልጁ በእንባው መሐል ፈገግ አለ።

የትናየት ወደ ሙሄዲን ዞረች። አባቷ ከሰዓት ከሰዓት ሲወጣ «ሙሄዲን ሱቅ ነኝ» ነበር የሚላት። ሙሄዲን ጨርቅ ነጋዴ ነውና የድንኳኑን ሸራ ስፌት በጥንቃቄ መመርመር ያዘ።

«አያ ሙሄዲን።»

«ዋሽ ብሎኝ ነው» አለ ሳያያት። «‹ልጄ እስክትለምደው ነው› አለኝ።»

ልጆቹን በፍራሾቹ ላይ አስቀምጠው ንፍሮ ሰጧቸው። ሽማግሌዎቹ ለተጊዮርጊስን ስለ መንገዱ ጠየቋት። እሷም ሳትኩራራ ሳታዝን፣ እንደ ገበያ ወሬ አወራችላቸው። ከአክስቷ ልጅ ጋር እንደወጡ፣ አስራ ሁለት ቀን እንደተጓዙ፣ ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ጀልባው እስኪመጣ አሸዋ ላይ እንዳደሩ።

«ባሕሩን ስታዪው ፈራሽ?» አሏት አንዱ።

«አይ፣ ተናደድኩ። ይሄ ሁሉ ውሃ እዚህ ተኝቶ ዝቋላ እንዴት ይጠማል አልኩ። ቀምሼው ግን ተውኩት፤ ጨው ነው። ጨው ከሆነ ምን ያደርግልኛል ብዬ ተመለስኩ።»

ድንኳኑ ዳግመኛ ሳቀ። ያልሳቁት አቶ የሻምበል ብቻ ነበሩ። ቆይተው ልጅቷን በእጃቸው ጠሯትና አጠገባቸው አስቀመጧት። የትናየት የሻይ ፔርሙስ ይዛ በአጠገባቸው ስታልፍ ንግግራቸውን ሰማች።

«ረዘም ያለ ልጅ አላየሽም? ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ወንዳወቅ ይባላል። አራት ዓመቱ ነው ከሄደ።»

«አላየሁም አባቴ።»

«እሺ። ይሁን።»

«ካየሁት ግን አባትህ እየፈለጉህ ነው እለዋለሁ።»

«አታዪውም» አሉ አቶ የሻምበል ኮስተር ብለው። «አንቺ ወደዚያ አትመለሺም። ሰማሽ? አትመለሺም።» ከዚያ ከራሳቸው ሳህን ንፍሮ ዘግነው በሁለት እጇ ሞሉላት።

የትናየት ሻዩን መቅዳት ረስታ ቆመች። እኚህን ሰው ስለ ሰፈሩ ብቻ የሚያስቡ አድርጋ ነበር የምታስባቸው። ለካ የተመለሰ ልጅ ባዩ ቁጥር ያልተመለሰው እየታያቸው ኖሯል።

በሰልስቱ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ከዝቋላ ነው። ነጋዴው ሦስት ደብር ጠይቆ ነበር። «እህቴ፣ ጌታሰው ገብረ ጻድቅ የሚባል የሚያውቅ አላገኘሁም። ገብረ ጻድቅ የሚባል አባወራም በዚህ አገር አልነበረም አሉኝ። እኔ እንጃ፣ አገሩን ተሳስተሽ ይሆናል።»

ስልኩን ዘግታ ጓዳ ገባች። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ድንኳኑን ሞልቷል፤ ደብሬ ነጠላቸውን አገልድመው ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ልትነግራቸው ምን ትበል? አባቴ ዘር የለውም? አባቴ ሲቀልድብኝ ኖረ?

በዚያ ሰዓት ሙሄዲን እናቱን ደግፎ ገባ። እማማ ሰሊማ ሰማንያውን የተሻገሩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን የጉንዳን እርምጃ የሚሰማ ሴት ናቸው። በቀብሩ ቀን አሟቸው ስለነበር አልመጡም። የትናየት ሮጣ እጃቸውን ሳመች።

«አላህ ያጽናሽ የኔ ልጅ። ምነው እጅሽ ቀዘቀዘ?»

ነገረቻቸው። ደብሬም ሰሙ፣ ሴቶቹም ሰሙ። እማማ ሰሊማ ተቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የትናየት የሚያለቅሱ መስሏት ስታቅፋቸው፣ እየሳቁ ነው።

«ያ ሌባ» አሉ። «ሳይነግርሽ ሞተ? ወስዳችሁ ድንኳኑ ውስጥ አስቀምጡኝ። አንዴ ነው የምናገረው፤ ሁሉም ይስማ።»

በድንኳኑ መሐል ወንበር አመጡላቸው።

«በስድሳ ስድስቱ ክፉ ቀን ነው» አሉ። «ከቆላ ሰው እንደ ጎርፍ ይወጣ ነበር። አንድ ጠዋት ሱቃችንን ስንከፍት አንድ ልጅ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ብቻውን ነው። ‹ስምህ ማነው?› አልኩት። ‹ጌታሰው›። ‹የማን ልጅ ነህ?› ‹የአባዬ›። ‹አባዬ ማን ይባላል?› ብለው፣ ‹አባዬ ነዋ› ብሎ ሳቀብኝ። አጥንቱ እየተቆጠረ፣ እኔ ሞኟ ሆኜበት ሳቀብኝ። የልጅ ነገር፤ አባቱን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። የአገሩንም ስም አያውቅም፤ ‹ከወንዙ ወዲያ› ነው የሚለው።»

ሙሄዲን ውሃ አቀበላቸው፤ ጎንጨት ብለው ቀጠሉ።

«አስገባሁት። ያን ጊዜም እንደ አሁኑ ስብሰባ ነበር። ጎረቤት መጥቶ፣ ‹ሰሊማ፣ አንዱን ካስገባሽ ሌላው ይከተላል› አለኝ። እውነቱን ነበር፤ አራት ተከተሉ። አራቱንም አላህ ለቤተሰባቸው አበቃቸው። ይሄ ብቻ የሚወስደው ጠፋ። ታዲያ የክርስቲያን ልጅ ነው፤ እኛ የምንበላውን ሥጋ አይበላ፣ የእናንተን ጾም እኔ አላውቀው። ወስጄ ለጎረቤታችን ለቄስ ገብረ ጻድቅ ነገርኳቸው። ‹ችግር የለም› አሉ፤ ‹አንቺ አብዪው፣ እኔ አስጾመዋለሁ›።»

ከወደ ጥግ ሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ መላው ድንኳን ተከተለ። እማማ ሰሊማ እጃቸውን አወዛወዙ።

«ኧረ ስሙኝ። ሁለታችንንም አታለለን። እኔ ዘንድ ‹ዛሬ ጾም አይደለም› ይላል፤ ቄሱ ዘንድ ‹ሰሊማ ምሳ አልሰጠችኝም› ይላል። ፋሲካንም ዒድንም በልቶ አደገ። ትምህርት ቤት ሊያስገቡት የአባት ስም ሲጠየቅ ባሌ የራሱን ሊያስጽፍ ሄደ። ቄሱ ለካ በማለዳ ተነሥተው የራሳቸውን አስጽፈዋል። ባሌ እስኪሞት ድረስ ‹ቄሱ ልጅ ቀማኝ› እንዳለ ነው።»

«ታዲያ እውነተኛው አያቴስ?» አለች የትናየት።

«ጎልማሳ ሆኖ ‹ከወንዙ ወዲያ› ያለው ዝቋላ ይሆናል ብሎ ሦስት ጊዜ ወርዶ ፈለጋቸው። ሦስቴም ባዶውን ተመለሰ። ሊነግርሽ ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም ልጄ። እውነቱን ሊያወራ ይጀምርና አፉ ላይ ሲደርስ ቀልድ ይሆንበታል። እኔ ነኝ የማውቀው። ‹ራሴ እነግራታለሁ› ብሎ ሙሄዲንንም እኔንም አፋችንን አስይዞን ነበር። እስከ ትናንት ወዲያ ድረስ ልጄ ነበር።» እዚህ ላይ አሮጊቷ አለቀሱ። ሙሄዲን ከጎናቸው ተንበርክኮ ትከሻቸውን ያዘ፤ ሳቁ ከየት እንደጠፋ ሳይታወቅ ሰው ሁሉ እንባውን ይጠርግ ጀመር።

ያን ጊዜ ደብሬ ብድግ አሉ። ሦስት ቀን ያጡትን አሁን አግኝተውታል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣

አባቱን ቢጠይቁት ስሙን ያላወቀ፣
ለስንቱ አባት ሆኖ አሳድጎ አለቀ

ሲሉ ድንኳኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ አለቀሰ። የትናየትም ከልቧ አለቀሰች። ያለቀሰችው ሞተብኝ ብላ ብቻ አልነበረም። በሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በሚጠይቀው ሰው ለሚስቅ ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅም ነበር።

ለቅሶው በረድ ሲል፣ የትናየት ትግስትን በዳር በኩል ከሙሄዲን ጋር ስታንሾካሹክ አየቻት። የትምህርት ቤቱ ክፍል ቁልፍ ሰኞ ይመለሳል፤ ወደ ሩቅ ከተሞች የሚወስዳቸው መኪናም ለእሁድ ተነግሮታል፤ ልጆቹ ይሰናበቱ እያለች ነው። የትናየት ተነሣች። በድንኳን ውስጥ ሐዘንተኛ ቆሞ መናገሩ ልማድ አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም ዞሮ አያት።

«በስብሰባው ላይ እምቢ ያልኩት እኔ ነበርኩ» አለች። «ስድስቱ ክፍል ለልጆቹ ይሁን። ሦስቱ ለእንግዳ ይቀራል፤ እኔም መብላት አለብኝ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይገባሉ። አንሶላቸውን ራሳቸው ያጥባሉ። ወላጅ የተገኘለት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ያልተገኘለት ይቆያል። ሌላ የምለው የለኝም።»

ይህን ሲሰማ ሙሄዲን ሳቁን መቆጣጠር እያቃተው፣ «ታዲያ እናቷን ቁርጥ ናት ብሎ አልነበር?» አለ።

ሳቁ ተመልሶ ድንኳኑን ሞላው። የትናየትም በእንባ የራሰ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ሰዉ ጸጥ ሲል አቶ የሻምበል ቆሙ። «እኔ አሁንም እቃወማለሁ» አሉ። «ተቃውሞዬ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።»

«ተመዝግቧል አቶ የሻምበል» አለች ትግስት።

«ይመዝገብ። የዱባይ ጣራ ግን ያፈሳል። የቤይሩትም በሩ አይገጥምም። ጌታሰውን ስንት ጊዜ ልጠግንልህ ብለው እያሳቀ አለፈኝ። በሚያፈስ ቤት ልጅ አይተኛም። ነገ መሰላልና ቆርቆሮ ይዤ እመጣለሁ።» ተመልሰው ሊቀመጡ ካሉ በኋላ ቀና ብለው፣ «ተቃውሞዬ እንዳለ ሆኖ» አሉ።

ልጆቹ እሁድ ከሰዓት ገቡ። እማማ ሰሊማ ስድስት ብርድ ልብስ ላኩ፤ ደብሬ አንድ እንስራ ላኩ። አቶ የሻምበል ሦስት ቀን ሙሉ ጣራ ላይ ዋሉ። በግማሽ የተላጨው ልጅ ሚስማር ያቀብላቸው ነበር፤ እሳቸውም እየደጋገሙ «ወደ ታች እንዳታይ» ይሉታል። የቀረውን ፀጉሩን ሙሄዲን ላጨለት። ግቢው ከንጋት እስከ ማታ ጫጫታ ሆነ፤ ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ቤት የተሳሳተ እየመሰለው ይጠይቅ ጀመር።

በሰባተኛው ቀን ደመናው ተገልጦ ሰቆጣ ላይ ጥሩ ፀሐይ ወጣ። የትናየት ለሰባቱ የመጡትን እንግዶች ሸኝታ በጓሮ በኩል ስትዞር፣ ለተጊዮርጊስ ከትንንሾቹ ጋር ልብስ አጥባ ስታሰጣ አገኘቻት። ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ ቁምጣ፣ ቀሚስ፣ የትምህርት ቤት ሹራብ። በመሐሉ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሸሚዝ ውሃው እየተንጠባጠበ ተሰቅሏል።

የትናየት ባለችበት ቆመች። አባቷ በሞተበት ቀን ለብሶት የነበረው ሸሚዝ ነው። ከመኝታው ክፍል በር ጀርባ ሰቅላ ማንም እንዳይነካው አድርጋ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ብድግ ብላ ፊቷን ትቀብርበት ነበር። ሽታው ገና አልለቀቀም ነበር።

«ቆሽሾ አየሁት» አለች ለተጊዮርጊስ፤ እጇ እስከ ክርኗ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል። «ከእኛ ልብስ ጋር ደርቤ አጠብኩት። አጠፋሁ እንዴ?»

የትናየት ቀረብ ብላ ሸሚዙን ከገመዱ ላይ አወረደችው። የእጅጌዎቹን ጫፍ ውሃ በመዳፏ ጨመቀች፤ አንዴ፣ ሁለቴ አራገፈችው። የተጣጠፈውን ኮሌታ በጣቶቿ ዘረጋች።

«አላጠፋሽም» አለች። «ጥሩ አድርገሽ ነው ያጠብሽው።»

ከዚያ ከአንዱ ልጅ ቁምጣና ከአንዷ ቀሚስ መሐል፣ ፀሐዩ በደንብ የሚያገኘውን ቦታ መርጣ፣ መልሳ ሰቀለችው።